ከአራተኛ ፎቅ፦ የአረጋውያን ክብካቤ ልምምዴ እስከ 212ኛው ሰዓት

ደብተሬ 212 ሰዓት ላይ ደርሷል። ይህ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀኝ ሳይሆን እኔው ለራሴ የምይዘው ቁጥር ነው። ከአረጋዊ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ያሳለፍኩት ጊዜ ብቻ ይገባበታል፤ ታክሲ ስጠብቅ፣ ካርድ ስፈልግና ሪፖርት ስጽፍ የባከነው አይቆጠርም። ሐሳቡን የወሰድኩት ከአሜሪካኖቹ ነው። ነርስ ፕራክቲሽነር የሚሉትን፣ ነርስ ራሷ መርምራ የምታክምበትን ሙያ እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ዛሬ እዚያ በአዋቂዎችና በአረጋውያን ላይ የሚያተኩር ራሱን የቻለ ዘርፍ አለው፤ ተማሪው ቢያንስ 750 ሰዓት በቀጥታ ታካሚ እንዲያይም ይጠበቃል። እኛ ዘንድ ሥራው በዚያ ስም ባይጠራም እንግዳ አይደለም። ጎንደር ጤና መኮንኖችን ለማሠልጠን የተነሣችው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ከኮሎራዶ 11 ዓመት ቀድማ። ይህን ያነሣሁት ለጉራ አይደለም። ትንሽ ለጉራም ነው።

እኔ የአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የመረጥኩት ትኩረት አረጋውያን ናቸው። የምለማመደው በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። አብራኝ የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የትኛው ብሎክ ላይ ማን እንዳለ በቃሏ ታውቃለች። ከዙሪያው የመጡ አረጋውያን ገበሬዎችን ስናገኝ ኦሮምኛውን የምትተረጉምልኝም እሷ ናት። ኦሮምኛ አለመቻሌ ከጉድለቶቼ ሁሉ ትልቁ መሆኑን ከአሁኑ ልናገር። እኔ ምርመራዬን ሠርቼ ሐሳቤን እጽፋለሁ፤ አይቶ የሚወስነውና የሚፈርመው ጤና መኮንኑ ነው።

ስለ ክፍሉ ትምህርት ብዙ አልጽፍም። የበሽታ ሂደት፣ ፋርማኮሎጂ፣ የአካል ምርመራ፤ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የምጽፈው ከክፍል ይዤው ወጥቼ ደረጃ ላይ ስለ ተሰናከለብኝ ነገር ነው።

መጀመሪያ የተሰናከለብኝ የሰዓት ስዕል ነው። ሚኒ ኮግ የሚባለውን አጭር የማስታወስ መመዘኛ ታውቃላችሁ። ሦስት ቃላት ይነገራቸዋል፣ ሰዓት ይስላሉ፣ ከዚያ ቃላቱን መልሰው ይናገራሉ። ለእያንዳንዱ ቃል 1 ነጥብ፣ ለትክክለኛ ሰዓት 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ5 ነጥብ 3 ያልሞላ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ታካሚዬ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ያሽከረከሩ አባባ ነበሩ። ሙዝ፣ ንጋት፣ ወንበር አልኳቸው። ከዚያ ወረቀት አቅርቤ፣ «አባባ፣ 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንዲያሳይ አድርገው ይሳሉልኝ» አልኩ። ቁጥሮቹን አንድ ሳያዛንፉ ደረደሩ። ከዚያ ረጅሙን ዘንግ 2 ላይ፣ አጭሩን 5 ላይ አሳረፉ። ከቃላቱ ሙዝና ወንበርን አስታወሱ፤ ንጋት ጠፋባቸው። ሰዓቱን ዜሮ ሰጠሁት፤ ድምሩ 2 ሆነ። «ለተጨማሪ ምርመራ ይላኩ» ብዬ ጻፍኩ። ልጃቸው በር ድረስ ሸኝታኝ «መርሳት ጀመሩ ማለት ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደ አዋቂ ነቀነቅኩ።

ማታ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የእጄን ሰዓት አየሁና «11 ከሩብ» አልኳት። አፌ ሳይዘጋ ዓይኔ አጭሩ ዘንግ ላይ ቀረ። 5ን ጥቂት አልፎ ቆሟል።

አባባ የሳሉት ትክክለኛውን 11 ከ10 ነው። በእኛ አቆጣጠር የማታው 11 ሰዓት ሲሆን አጭሩ ዘንግ የሚያርፈው 5 ላይ ነው። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ አቆጣጠር ሰው ሲያደርሱ ኖረዋል፤ እኔም በየቀኑ የማነበው እንደዚያው ነው። በአማርኛ ጠይቄ በእንግሊዝኛው መልስ አረምኩ። እውነተኛ ነጥባቸው 4 ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ልጃቸው ግን ሌሊቱን ሳትተኛ አድራለች፤ ያንን የምመልስበት ቅጽ የለም።

አሁን ወረቀት ከማውጣቴ በፊት ግድግዳ ላይ ወይም እጃቸው ላይ ያለውን ሰዓት እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ዘንጉን ራሱን በሀገርኛው ሞልቶታል፤ ለ11 ሰዓት 11 ላይ ያስቆመዋል። አነባበባቸውን ካወቅኩ በኋላ ስዕሉን በዚያው እመዝናለሁ፣ ካርዱ ላይም በየትኛው እንደመዘንኩ እጽፋለሁ። 11 ከ10 የተመረጠው የሚዳከም አእምሮ «10» ሲባል ሰምቶ ረጅሙን ዘንግ 2 ላይ በማድረግ ፈንታ 10 ላይ ስለሚወስደው ነው። ይህ ወጥመድ በእኛም አነባበብ ስላለ ፈተናው አይፈርስም፤ የፈረሰው የእኔ እርማት ነበር።

ፊደል ላልቆጠሩት ሩዳስ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአውስትራሊያ የወጣ፣ የትምህርትና የባህል ልዩነት ውጤቱን እንዳያዛባ ታስቦ የተዘጋጀ የ30 ነጥብ መመዘኛ ነው። ገበያ ስንሄድ የምንገዛቸው ተብለው አራት ነገሮች ይነገራሉ፦ ሻይ ቅጠል፣ የምግብ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና። ይህን ለአንዲት እማማ በሁዳዴ አቀረብኩላቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ምን ምን ልንገዛ ነበር ብዬ ብጠይቅ፣ «ሻይ ቅጠል፣ ዘይት፣ ሳሙና። ያቺን አራተኛዋን ግን አልጠራትም፤ በሁዳዴ እንቁላል የምትገዢው አንቺ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። መምህራችን ስትሰማ ከመሳቋ በፊት «እንዲናገሩት ማግባባት ነበረብሽ» ብላኛለች፤ ልክ ናት።

ሁዳዴ ካነሣሁ አይቀር፣ ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ የስኳር ታካሚ ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ሊፍት የለም። ስምንት ሰዓት ገደማ ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መካከል ሰው ተሰብስቧል። እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጉልበታቸው ከድቷቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ግፊት ነው» ይላል አንዱ፤ ሌላዋ ሎሚ አፍንጫቸው ላይ ይዛለች። ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን ለካሁ፤ 52፣ በጣም ወርዷል። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ አሟሙተን ብናቀርብላቸው ከንፈራቸውን ገጠሙ። «ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።»

እኔ ስለ ስኳር ማብራራት ጀመርኩ። ደረጃ ላይ፣ ለሚንቀጠቀጥ ሰው። ልጃቸው ግን ስልኳን አውጥታ ለንስሐ አባታቸው ደወለች፣ ድምፁንም ከፍ አደረገችው። ካህኑ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እማማ፣ ይጠጡ፤ ይህ መድኃኒት ነው።» ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 88 ሆነ። አሁን የማንኛውም የስኳር ታካሚ ካርድ ላይ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ ከተጻፈበት ሥር የንስሐ አባታቸውን ስልክ አስመዘግባለሁ። በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም።

ፎቅ ደርሰን መድኃኒታቸውን በሙሉ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ልጃቸው አንድ ጥቁር ፌስታል አልጋው ላይ ዘረገፈች። ጠዋት በባዶ ሆድ በጠበል የሚዋጠው ግሊቤንክላማይድ የሚባል የስኳር መድኃኒት ነበር። ይህ መድኃኒት ምግብ ኖረም አልኖረም ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ያስመነጫል። ኩላሊት በዕድሜ ሲደክም ደግሞ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ሐኪሙ ማርክ ቢርስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶች ዝርዝር ዛሬም ያስጠነቅቅበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው እንደማይስማማ ጽፏል። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ፌስታሉ ውስጥ ሳየው ግን እንደ አዲስ ነገር ነው ያነበብኩት።

ከሥሩ ሌላ ነገር ተገኘ። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፤ ለጉልበት ሕመም ደግሞ ራሳቸው ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክ። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ጤና መኮንኑ ግሊቤንክላማይዱን አቋረጠ፣ ሌላውን የስኳር መድኃኒታቸውን ሜትፎርሚንን ወደ ማታ፣ ከምግብ በኋላ አዞረ፣ ዳይክሎፌናኩን በፓራሲታሞል ተካ። የኩላሊት ምርመራ ውጤቱ የደረሰን በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ሪኤጀንት የሚባለው የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል አልቆ ናሙናው ሌላ ቦታ ተልኮ። የዚያን ዘጠኝ ቀን ብስጭቴን እዚህ አልጽፈውም። ውጤቱ ደህና ነበር።

የተሻሻልኩባቸውም አሉ። ሲነሡ የሚወርድ የደም ግፊት ለመለካት ሰው አምስት ደቂቃ መጋደም አለበት፤ ከዚያ በቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካል፤ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግር ነው። «እንግዳ ተቀምጦ እኔ ልጋደም?» የማይል አረጋዊ ግን አላጋጠመኝም። አሁን ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እጃቸውን ስይዝ ይጋደማሉ። ቡና ከቀረበ ደግሞ ከአቦሉ በፊት መለካት ነው፤ በረካው ላይ የተለካ ግፊት የቡናው ግፊት ነው። ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ የመመለሱን ፈተና ስቱዲዮ ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም፤ ሶፋው ሰው ይውጣል፣ 3 ሜትርም የለም። ከብሎኩ ጥበቃ መደገፊያ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ተውሰን ኮሪደር ላይ እንሠራዋለን። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀ የመውደቅ ሥጋት አለበት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሰከንድ ሲቆጥር ግን ውጤቱ ሳያምር አይቀርም።

ሽንት ስለማምለጥ መጠየቅ ገና አልሆነልኝም። በቀጥታ ስጠይቅ ሁሉም «የለም» ይላሉ። «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» ከሚለው ስጀምር ጥቂቶቹ ይናገራሉ፤ ወንዶቹ ለእኔ አይናገሩም።

ባለፈው ሐሙስ የአውቶቡስ ሹፌሩ አባባ ዘንድ ለግፊት ክትትል ሄድኩ። ከመቀመጤ እጅጌያቸውን ሰብስበው የእጃቸውን ሰዓት ዓይኔ ሥር አቀረቡልኝ። «እህ ሲስተር፣» አሉ፣ «ዛሬስ በእኛ ነው በእነሱ?»