ሰኞ ሰኞ የሚበዛው ወንጀል

ኮምቦልቻ ለፖሊስ አባላት በተዘጋጀ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ሥልጠና ላይ የዳታ ሥራው የእኔ ድርሻ ነበር። የዓመታት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኤክሴል አስገባን። የተያዘበት ቀን፣ ቦታ፣ የዕፁ ዓይነት፣ የፋይሉ መጨረሻ።

ግራፉ ሲወጣ ሁሉም ተደሰተ። ወንጀሉ የሚበዛው በባቲ መንገድ፣ ሰኞ ሰኞ ነው። ወጣቶቹ አሠልጣኞች «በቃ፣ ሥልጠናው በዚህ ላይ ይሁን» አሉ። ከባቲ የሚመጣ መኪና እንዴት ይፈተሻል? የትኛው ተሳፋሪ ያጠራጥራል?

አንዲት አንጋፋ ዋና ሳጅን ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

«ልጆቼ፣ ሰኞ እኮ የባቲ ገበያ ነው። ኬላው ላይ ሰው የሚጨመረው ለዚያ ነው። ማክሰኞ ማን ፈትሾ?»

እውነታቸውን ነው። መዝገቡ የሚነግረን ፖሊስ የት እንደፈተሸ ነው። ዕፁ ሌላ ቀን በሌላ መንገድ ቢያልፍ ማን ያየዋል?

ሌላ አገርም ይኸው ታይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ክሪስቲያን ለም እና ዊልያም አይዛክ የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካዋን ኦክላንድ ከተማ የዕፅ ወንጀል መዝገብ ወንጀል የት እንደሚፈጸም ለሚተነብይ አንድ የኮምፒውተር ቀመር ሰጡት። ቀመሩ ፖሊስን ደጋግሞ የላከው ወደ ጥቁሮችና ወደ ድሆች ሰፈር ነው። በግምት ሲታይ ግን የዕፅ ተጠቃሚው በከተማዋ ሁሉ ነበር። ሳንታ ክሩዝ የምትባለው ከተማ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ትንበያ ከለከለች።

አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበትን የገበያ መንገድ በጅምላ እንዲጠረጥር ፖሊስን ማሠልጠን ግፍ ነው። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ታዲያ ዳታው ይጣል? በፍጹም። የፋይሉን መጨረሻ የሚያሳየውን ዓምድ ከፈትነው። የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀልን በሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ተጀምረው ከዐቃቤ ሕግ የተመለሱ፣ ፍርድ ቤት ደርሰው የወደቁ ፋይሎች አሉ። ምክንያቱ ይደጋገማል። ሲያዝ ምስክር አልነበረም። ኤግዚቢቱ፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘው ዕፅ፣ አልታሸገም። መቼ እንደተመዘነ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እንዳለፈ አልተጻፈም። ይህ የፖሊስ የራሱ ሥራ ነው፤ በሥልጠናም ይስተካከላል።

ሥልጠናው ወደዚያ ዞረ። ማሸግና መመዝገብን ያለማመዱት ሳጅኗ ራሳቸው ናቸው። አንድ ጥያቄም አስከተሉ፦ «ፈትሸን ያጣነውስ ለምን አይጻፍም?» አሁን ቅጹ ላይ ዓምድ ተጨምሮለታል። የኬላ ኃላፊዎች እንዲሞሉት እየወተወትኩ ነው።