አንዴ ብቻ ድገመው

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሐርድ ዲስኩን ከፈትኩት። ከመጋቢት ወዲህ አልነካሁትም ነበር። "ባሌ" ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ውስጥ ብዙ ክሊፕ አለ። እኔ የፈለግሁት አንዱን ነው፤ ሰባተኛውን ቴክ፣ ማለትም ለሰባተኛ ጊዜ ደግመን የቀረጽነውን። ሦስት ሰከንድ ያህል አየሁትና ዘጋሁት። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ስድስት ሆነን ነው የምንሠራው። ሰርግም የባንክ ማስታወቂያም እንቀርጻለን፤ የቢሮ ኪራይ የሚከፍልልን እሱ ነው። ልባችን ያለው ግን ተራራ ላይ ነው። አቀበት የሚሮጥ፣ አለት የሚወጣ፣ በብስክሌት ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ስንቀርጽ ድካሙ አይታወቀንም። እንዲህ ያለ ሥራ እኛ አገር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አንድ የውጭ የጃኬት ብራንድ በኤጀንሲ በኩል የ60 ሰከንድ የተራራ ብስክሌት ፊልም ሲፈልግ፣ በዋጋ እንኳ ሳንከራከር እሺ አልን።

ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከጎባ ተነስተህ ሽቅብ ስትነዳ መጀመሪያ ኮሶው ይቀራል፣ ቀጥሎ አስታው እያጠረ ይሄዳል፤ ከዚያ ሳነቴ ሜዳ ላይ ትወጣለህ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ከሜዳው ብዙም ሳይለይ ጉብ ብሎ ይታያል። ጅብራ፣ ድንጋይና ነፋስ፤ ሌላ ነገር የለም። መንገዱ ሜዳውን አቋርጦ ጫፍ ሲደርስ ድንገት ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ጠዋት ውርጭ ረግጠህ፣ ማታ የዱር ቡና ከሚበቅልበት ደን ትደርሳለህ። ለቁልቁለት ብስክሌት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ብርዱ ግን ቀላል አይደለም። በጥር ሌሊት ውሃ ይረጋል። የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ የካሜራ ባትሪዎቹን በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌያቸው ነበር የምተኛው። የድሮን ፈቃዱ ስላልደረሰልን ድሮን አልያዝንም። ድሮን ከሌለህ ከላይ የሚታየውን ሁሉ በእግርህ ወጥተህ ነው የምታመጣው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ብስክሌተኛው የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው፣ 23 ዓመቱ። ስሙን አልጽፍም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ከመከፈቱ በፊት ጀምሮ፣ እንጨት ተሸካሚ እናቶች በሚወርዱባት ቀጭን መንገድ በባሕር ዛፉ መሀል ሲወርድ ያደገ ነው። እንጦጦ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የሳነቴ አየር ብዙም አልከበደውም። እኛ ካሜራ ተሸክመን ስናለከልክ እሱ ያፏጫል።

በሁለተኛው ቀን የኤጀንሲው ሰው አንድ ነገር ጠየቀ። ቀይ ቀበሮና ብስክሌት በአንድ ፍሬም ውስጥ። አብሮን የነበረው የባሌ ተራሮች ፓርክ ስካውት (ጠባቂ)፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው፣ ሐሳቡን ሰምተው እንኳ አልጨረሱም። "አይሆንም" አሉ። ከዚያ ለምን እንደማይሆን በእርጋታ አስረዱን። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ጊዜ ፈጅቷቸዋል፣ ሳነቴ መንገድ ላይም መኪና ይገጫቸዋል። አንዱ ፍልፈል እያደባ ሳለ ብታስደነግጠው ምሳውን ነው የነሳኸው አሉን። ማንም አልተከራከረም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን በረጅም ሌንስ ከሩቅ ቀረጽነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ አንገቱን ሰብሮ ለረጅም ጊዜ ቆመ። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። በሕይወቴ ከቀረጽኳቸው ሁሉ ያቺን ሾት እወዳታለሁ።

በማግስቱ ሐረና ደን ውስጥ ወዳለችው ሪራ መንደር ወረድን። ስካውቱ የፈቀዱልን፣ ፈረስና በቅሎ የሚሄዱባት አንዲት ተዳፋት መንገድ ነበረች። ቀጥ ያለች ቁልቁለት ናት። ቆመህ ስታያት ጉልበትህ ይርዳል።

ካሜራ ግን ቁልቁለት አይወድም። ሰፊ ሌንስ ይዘህ በመንገዱ አቅጣጫ ከቀረጽክ መሬቱን ያስተኛዋል። ገደል የመሰለው ቦታ ሞኒተር ላይ ሜዳ ይሆናል። መፍትሔው ይታወቃል። ካሜራውን ከጎን ታደርጋለህ፣ አድማሱን ቀጥ ታደርጋለህ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ፍሬም ውስጥ ታስገባለህ። ያኔ ዓይን ማነጻጸሪያ ያገኛል፤ ቁልቁለቱም ቁልቁለት ይሆናል። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ለተለማማጆች ራሴ አስተምሬዋለሁ።

ሦስተኛው ቴክ ጥሩ ነበር። ልጁ እየሳቀ ነው የወረደው። ሞኒተሩን ከበን አየነው። የኤጀንሲው ሰው "ሜዳ ይመስላል" አለ። ልክ ነው፣ ሜዳ ይመስል ነበር። ካሜራውን ወደ ጎን ለማዞር ማዶ ካለው ጉብታ መውጣት ነበረብኝ፤ ዕቃ ተሸክሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። ጉም ከታች ከደኑ መነሳት ጀምሯል።

ስለዚህ ካሜራውን ትቼ ልጁን ለማዘዝ መረጥኩ። "ትንሽ ፍጥነት ጨምር" አልኩት። አራተኛ። "ከላይ ከድንጋዩ ጀምር።" አምስተኛ። ስድስተኛው ላይ ፎከስ አመለጠኝ፤ ያ የራሴ ጥፋት ነበር። ብስክሌቱን ገፍቶ ሲወጣ እንደ ጠዋቱ አያፏጭም። አይቼዋለሁ። ሬዲዮውን አንስቼ "አንዴ ብቻ ድገመው፣ የመጨረሻ ናት" አልኩት።

"እሺ" አለ። ሁልጊዜ እሺ ነው የሚለው። ብስክሌት ነፍሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድልም ከዚያ በፊት አግኝቶ አያውቅም። እምቢ ቢል ሌላ ልጅ እንደምንጠራ ያስብ ነበር። ይህን በኋላ ነው የነገረኝ።

ጉሙ መሬቱን አርጥቦት ነበር። የፊት ጎማው የዛፍ ሥር ላይ ተንሸራተተ። እኔ ዓይኔ ሞኒተሩ ላይ ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ሄልሜቱ ድንጋይ ሲመታ። ከዚያ ዝምታ። ሮጬ ስደርስ ዓይኑን ገልጦ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቀኝ ክንዱን ማንቀሳቀስ አልቻለም። መጀመሪያ ያለኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? "ወጣች?" ሾቷ ወጣች ወይ ነው የሚለኝ። ካሜራው እላይ ቆሞ አሁንም ይቀርጻል።

የሪራ ሰዎች ወዲያው ተሰበሰቡ። አንድ አባት ጋቢያቸውን አውልቀው ከስሩ አነጠፉለት። ቋንቋቸውን በቅጡ አላውቅም፤ ግን ውሃ አመጡ፣ ክንዱን በነጠላ አሰሩለት፣ እስከ መኪናው ድረስ ተሸከሙት። ሾፌራችን ጋሼ ሳነቴን በጨለማ አቋርጠው ጎባ ሆስፒታል አደረሱን። በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ተሰብሯል። ጭንቅላቱ ደህና ነው። ደህና ነው ሲሉኝ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለእናቱ ማን ይደውልላቸው? እኔ። ሸማ ነው የሚሸጡት፤ ስደውል ሱቅ እየዘጉ ነበር። "ማዘር፣ አይደንግጡ፣ ልጅዎ ደህና ነው" ብዬ ጀመርኩ። ዝም አሉ። ከዚያ "ማን ውረድ አለው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው። ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ያን ሌሊት ስለ ስካውቱ አሰብኩ። ቀይ ቀበሮው "አይሆንም" የሚልለት ሰው ነበረው። ለካሜራው እንኳ ኢንሹራንስ ገብተንለት ነበር። ለልጁ አልገባንለትም። የሕክምናውን ወጪ ስድስታችን አዋጥተን ከፈልን፤ ግን ገንዘቡ አይደለም የሚቆጨኝ። የሚቆጨኝ ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት። ያን ጉብታ እኔ ልወጣው ይገባ ነበር።

ፊልሙ በመጋቢት ወጣ። ኤዲት ስናደርግ የገባው ሦስተኛው ቴክ ነው። የሚስቅበት። ደንበኛው ወደደው፤ ሜዳ ይመስላል ያለ ሰው የለም።

አሁን አሠራራችንን ቀይረናል። ስፖርተኛው ብስክሌቱ ላይ ሳይወጣ በፊት ካሜራው ትክክለኛ ቦታው መድረስ አለበት፤ የፈጀውን ጊዜ ይፍጅ። ስንት ጊዜ እንደሚደግም የሚወስነው እሱ ነው። በሬዲዮ "በቃ" ካለ አበቃ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ክፍያው አይነካም። ይህን ውል ላይ አስገብተነዋል። አንድ ኤጀንሲ በዚህ ምክንያት ሥራ ከልክሎናል። ይከልክል። ኢንሹራንሱንም ቢሆን ደንበኛው ካልከፈለ ከኛ ድርሻ ይቆረጣል ብለናል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ደወለልኝ። ሐኪሙ ፈቅዶለት ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወርድ ነው። "ካሜራ ሳትይዝ ና" አለኝ። እንጦጦ ወጣሁ። ባሕር ዛፉ ስር፣ መንገዷ የምትጠመዘዝበት ቦታ ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ከላይ ሲመጣ ፍሬኑን ሰማሁት፤ በአጠገቤ አቧራ አስነስቶ አለፈ። ብዙ ቀርጬበታለሁ እዚያ ቦታ። እንደዚህ ቀጥ ያለ ቁልቁለት መሆኑን ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ብስክሌቱን እየገፋ ተመልሶ መጣ። ላቡን ጠረገ።

"ያስፈራል አይደል?" አለኝ።

"በጣም ያስፈራል" አልኩት።