የጋዝ ፋብሪካው ማቀዝቀዣ የገባኝ አክስቴ ጓዳ ነው

ጎንደር አራዳ አካባቢ ፍሪጅ እጠግናለሁ። ለልምምድ የሚመጡ ልጆችም አሉኝ። አንዱ አንድ ቀን «ጋሼ፣ የተፈጥሮ ጋዝ በመርከብ የሚጫነው ፈሳሽ ሆኖ ነው አሉ። በምን ዓይነት ፍሪጅ ነው እንዲያ የሚቀዘቅዘው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ነገሩ እስኪገባኝ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ነው ያስደነገጠኝ። ጋዙ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ነው፤ ያኔ መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ነው።

ከማውቀው ጀመርኩ። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ውሃም በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፍሪጅም ይኸው ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ በቅዝቃዜ ይፈላና ሙቀት ይወስዳል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲጨምቀው ደግሞ የወሰደውን ከኋላ ይለቃል። ፕሮፔን የሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ በተራ ግፊት ከዜሮ በታች 42 ላይ ይፈላል፤ ወደ 14 ባር ሲጨመቅ ግን 40 ዲግሪ ላይም ፈሳሽ ይሆናል። ስለዚህ ብቻውን 162 አይደርስም። ፕሮፔን ኤትሊን የሚባለውን ሌላ ጋዝ፣ ኤትሊን ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነውን ሜቴንን እያቀዘቀዘ በደረጃ ይወርዳል። በ1964 አልጄሪያ አርዜው ላይ የተከፈተው ፋብሪካ የሠራው እንዲህ ነው።

እዚህ ድረስ ገባኝ። የከበደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎች በፕሮፔን ከጀመሩ በኋላ ናይትሮጅን፣ ሜቴን፣ ኤቴንና ፕሮፔን ቀላቅለው ነው የሚያቀዘቅዙት። በእኛ ሙያ እኮ ጋዝ እንደመጣልህ መቀላቀል ነውር ነው! ሁለት ሳምንት እዚያው ቆምኩ።

አንድ ቅዳሜ አዘዞ አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ ዳግም አረቄ እያወጣች ነበር። የመልቲሜትሬን የሙቀት ሽቦ በማሰሮው አፍ አስገብቼ ዙሪያውን በሊጥ ደፈንኩት። ከፈላ በኋላ ቁጥሩ አንድ ቦታ ይቆማል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቆመም፣ አልኮሉ እየወጣ በሄደ ቁጥር ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። «አንተ ልጅ፣ ሽቦህን ተውና ውሃውን ቀይርልኝ፣ ሞቋል» አለችኝ። የመቀበያውን ውሃ እየቀየርኩ ሳለ ነገሩ በራልኝ።

ንጹህ ጋዝ በአንድ ዲግሪ ይፈላል። ቅልቅል ግን ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት እየተንሸራተተ ነው የሚፈላው። የሚቀዘቅዘው ጋዝም በደረጃ አይዘልም፣ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ በትንሽ ልዩነት ከተጓዙ ኮምፕሬሰሩ በከንቱ የሚያጠፋው ጉልበት ይቀንሳል። ኳታር ያሉት ግዙፍ የማምረቻ መስመሮች መጨረሻ ላይ ለብቻው የናይትሮጅን ዙር ይጨምራሉ፤ አንዱ መስመር በዓመት 7.8 ሚሊዮን ቶን ያወጣል። እንደኔ ለሚጀምር ሰው የምለው፣ የቱቦውን ሥዕል አቆዩትና መጀመሪያ የሙቀቱን መስመር በወረቀት ላይ ሳሉ። እኔ በቱቦ ጀምሬ ነው አንድ ወር ያባከንኩት።

ሌላው የተማርኩት ስለ ጽዳት ነው። ዋናው ማቀዝቀዣ እንደ ድርና ማግ የተጠማዘዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ማማ ነው፤ ቱቦዎቹ አሉሚኒየም ናቸው። ሜርኩሪ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በረዶ ሆነው ይዘጉታል። ሦስቱም አስቀድመው ይወጣሉ። እኔም አንድ ጊዜ በደንብ ቫኪዩም ሳልመታ፣ ማለትም አየሩንና እርጥበቱን ከቱቦው በፓምፕ ሳላወጣ፣ ጋዝ ሞልቼ ካፒላሪው (የፍሪጁ ቀጭን ቱቦ) በረዶ ይዞ ተዘጋ፣ የደንበኛዬ ሥጋም ተበላሸ። አሁን ልጆቹ ቫኪዩም ሳይመቱ የጋዝ ጠርሙስ አላስነካቸውም።