ሁለተኛው ግራፊክስ ካርድ የራሱ ሥራ ይፈልጋል

የኮምፒውተሬን የጎን ሽፋን በከፈትሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው የስክሪኑን ምስል ከሚስለው ግራፊክስ ካርድ በታች ባዶውን በተቀመጠው ረጅም ስሎት፣ ማለትም የካርድ መሰኪያ ላይ ነበር። ጌሞቹ እየከበዱ፣ የምስሉም ፍጥነት እየቀነሰ ሲመጣ፣ መፍትሔው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ያለ ይመስለኝ ጀመር፤ አዲስና ውድ ካርድ ከመግዛት ይልቅ ካለኝ ካርድ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ያገለገለ ካርድ ፈልጌ ብጨምርበት ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል ብዬ አስብ ነበርና። ካርዱን ገዛሁ፣ ገጠምሁ፣ ለብዙ ወራትም ተጠቀምሁበት። ዛሬም በኮምፒውተሬ ውስጥ ሁለት ካርዶች አሉ፤ ነገር ግን የሚሠሩት ሥራ ያኔ ካሰብሁት ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህን የምጽፈው፣ ያንኑ ባዶ ስሎት እያየ የሚያሰላ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ እንዲያውቀው ፈልጌ ነው።

ሁለት ካርዶችን አጣምሮ የማሠራት ሐሳብ ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ቩዱ 2 የተሰኘውን ካርድ ሲያወጣ፣ ሁለት ካርዶች በአጭር ገመድ ተገናኝተው አንደኛው የምስሉን 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ መስመር፣ ሌላኛው 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ መስመር እያሉ እንዲስሉ አደረገ። በዚያ ዘመን አንዱ መስመር ከሌላው የሚፈልገው ነገር ስላልነበረ ሥራው በእርግጥም ለሁለት ይከፈል ነበር፤ አንድ ካርድ ብቻውን እስከ 800 በ600 ነጥብ ሲያሳይ ሁለቱ ተጣምረው 1024 በ768 ያሳዩ ነበር። ሌላው ካርድ ሠሪ ኤንቪዲያ የዚያን ኩባንያ ቴክኖሎጂ ከገዛ በኋላ በ2004 ኤስኤልአይ የሚለውን የዚህኑ የማጣመር ስልት ስም ከጂፎርስ 6 ካርዶች ጋር መልሶ አመጣው፤ ተፎካካሪው ኤቲአይም በሚቀጥለው ዓመት ክሮስፋየር የተባለ ተመሳሳይ ስልት ይዞ ቀረበ። አሠራሩ ግን ተለውጦ ነበር፤ የእኔም ችግር የተወለደው ከዚሁ ለውጥ ነው።

በኋለኛው አሠራር ካርዶቹ በአብዛኛው አንዱን ምስል ለሁለት አይከፍሉም፤ ተራ በተራ ሙሉ ምስል፣ ማለትም ሙሉ ፍሬም ይስላሉ። የመጀመሪያውን ፍሬም አንደኛው፣ ቀጣዩን ሁለተኛው፣ ሦስተኛውን እንደገና አንደኛው ይሠራል። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍጥነቱ እጥፍ ነው። በስክሪን ላይ ግን ሁለቱ ካርዶች ሥራቸውን እኩል ተራርቀው ካላስረከቡ ቁጥሩና ዓይን አይስማሙም። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ፍሬም በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ይመጣል ማለት ነው፤ ሆኖም አንዱ ፍሬም በ8፣ ቀጣዩ በ25፣ ከዚያም በ8፣ እንደገና በ25 ሚሊሰከንድ ቢመጣ አማካዩ ያው 60 ገደማ ሆኖ ይቆጠራል፤ ዓይን የሚያየው ግን 25 ሚሊሰከንድ የሚፈጀውን፣ ማለትም የ40 ፍሬም ያህል የሆነውን መንገጫገጭ ነው። ጌመኞች ማይክሮ ስተተር የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔም ሁለተኛውን ካርድ በገጠምሁበት ሳምንት፣ በስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ከ48 ወደ 70 ከፍ ብሎ እያየሁት፣ ካሜራውን ቀስ ብዬ ወደ ጎን ሳዞር በምስሉ ውስጥ ያለው የአጥር ረድፍ ሲንቀጠቀጥ እመለከት ነበር። አንዱን ካርድ አጥፍቼ በ48 ስጫወት መንቀጥቀጡ ጠፋ። ዝቅተኛው ቁጥር ከከፍተኛው የተሻለ ሆኖ ሲታየኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አማካይ የፍሬም ብዛትን ብቻ አይቼ ፍርድ መስጠት አቆምሁ፤ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ በመስመር የሚያሳየውን ግራፍ ሳላይ ስለ ፍጥነት አልናገርም።

ይህ አሠራር እየከሰመ የሄደበት ዋናው ምክንያት የጌሞቹ የአሳሳል ስልት መለወጥ ይመስለኛል። የዛሬ ጌሞች ጠርዝ ለማለስለስ፣ ብርሃን ለማስላትና ምስል ለማጥራት ካለፈው ፍሬም የተገኘውን መረጃ ደጋግመው ይጠቀማሉ። ያለፈው ፍሬም በሌላኛው ካርድ ውስጥ ካለ፣ ይኛው ካርድ ያ ፍሬም እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ከዚያም መረጃውን ካርዶች በሚሰኩበት የመረጃ መንገድ፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ በኩል ማስመጣት አለበት፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ጎን ለጎን መሥራታቸው ቀርቶ አንዱ የሌላውን እጅ የሚጠብቅ ይሆናል። ጌሞች ካርዱን የሚያዝዙበት የዊንዶውስ ሥርዓት ዳይሬክትኤክስ 12 በ2015 ሲመጣ፣ ሥራውን በሁለት ካርዶች የማከፋፈሉን ኃላፊነት ካርዱን ከሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከድራይቨር አንሥቶ ለጌሙ ሠሪዎች ሰጠ፤ ያንን ድካም ለጥቂት ባለ ሁለት ካርድ ተጫዋቾች ብለው የተሸከሙት ሠሪዎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2020 ከወጡት የጂፎርስ 30 ካርዶች መካከል ሁለት ካርዶችን የሚያጣምረው ማገናኛ የነበረው አርቲኤክስ 3090 ብቻ ነበር፤ ኤንቪዲያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለቀደሙት ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል፣ ማለትም ለየጌሙ የሚዘጋጅ ማስተካከያ ማውጣት አቆመ፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ደግሞ ማገናኛው ጭራሹኑ የለውም።

አብዝቶ የሚያሳስት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ሜሞሪ ነው። እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት ያላቸው ሁለት ካርዶች በኤስኤልአይ ሲጣመሩ 16 ጊጋባይት አይሆኑም። ሁለቱም ያንኑ ጌም ስለሚስሉ ያንኑ ምስልና ቅርጽ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሜሞሪ ይዘው መቀመጥ አለባቸው፤ ስለዚህ ጌሙ የሚያየው 8 ጊጋባይት ብቻ ነው። ካርዱ የደከመው በሜሞሪ ማነስ ከሆነ፣ መንትያውን መጨመር አንዲት ጠብታ እንኳ አይጨምርለትም።

ታዲያ ሁለተኛው ካርድ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም፤ ዋጋ የሚኖረው ግን ለአንደኛው ረዳት ሳይሆን የራሱ ሥራ ሲሰጠው ነው። ከመንትዮቹ አንዱን ሸጬ፣ ዋናውን በአዲስ ካርድ ከተካሁ በኋላ በታችኛው ስሎት ላይ የቀረውን አሮጌ ካርድ ማውጣት አሳዝኖኝ ሳለ ነበር ሎስለስ ስኬሊንግ የተባለውን ፕሮግራም የሞከርሁት። ፕሮግራሙ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል ሌላ ፍሬም ይፈጥራል፤ ይህንንም ሥራ ለይቶ ለሁለተኛው ካርድ መስጠት ይቻላል። ዋናው ካርድ ጌሙን ብቻ ይስላል፤ ያለቀው ፍሬም ካርዶቹ በተሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ በኩል ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ ሁለተኛው መካከለኛውን ፍሬም ሠርቶ ወደ ሞኒተሩ ይልካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር የሞኒተሩ ገመድ ነው፤ ገመዱ መሰካት ያለበት በሁለተኛው ካርድ ላይ ነው። በዋናው ላይ ከተሰካ ፍሬሞቹ ሄደው እንደገና መመለስ ስላለባቸው መንገዱ በከንቱ ይጨናነቃል። ከዚያም በዊንዶውስ 11 የዲስፕሌይ ቅንብር ውስጥ ግራፊክስ በሚለው ሥር ጌሙን የሚስለው ዋናው ካርድ እንዲሆን መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዊንዶውስ ሞኒተሩ የተሰካበትን ካርድ ሊመርጥና ጌሙን በደካማው ካርድ ላይ ሊጭነው ይችላል።

መንገዱ ይበቃ እንደሆነ አስቀድሞ በስሌት ማወቅ ይቻላል። የ2560 በ1440 አንድ ፍሬም፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ብንይዝለት፣ 14.7 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሻገር 885 ሜጋባይት ይሆናል። በብዙ ማዘርቦርዶች የታችኛው ስሎት ርዝመቱ የ16 የመረጃ መተላለፊያ መስመር ቢሆንም በውስጡ የተዘረጉት 4 መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ይህም በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በሰከንድ 4 ጊጋባይት አይሞላም። ስለዚህ ለእኔ ሞኒተር ከበቂ በላይ ነው። 3840 በ2160 የሆነ ምስል በሰከንድ 120 ጊዜ ይሻገር ቢባል ግን ብቻውን 4 ጊጋባይት ገደማ ስለሚፈልግ ያው ስሎት ይታነቃል። ይህን ስሌት አምስት ደቂቃ ወስዶ መሥራት ካርድ ገዝቶ ከመጸጸት ያድናል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፤ የተፈጠረው ፍሬም ምስሉን ያለሰልሳል እንጂ እጅን አያፈጥንም። መካከለኛውን ለመሥራት ቀጣዩ እውነተኛ ፍሬም እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ በማውሱና በምስሉ መካከል ያለው መዘግየት ትንሽ ይጨምራል። በእርጋታ በሚኬድባቸው ጌሞች ላይ አላስተዋልሁትም፤ በተኩስ ውድድር ላይ ግን አጠፋዋለሁ።

ጌም ሳልጫወት ደግሞ ሁለተኛው ካርድ ይበልጥ ይጠቅመኛል። ብሌንደር የተባለው የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ክፍል የሆነው ሳይክልስ አንዱን ምስል ለሁለቱም ካርዶች አከፋፍሎ ይሠራል፤ የፍሬሞች መዘበራረቅ የሚባል ነገር እዚያ የለም። የቋንቋ ሞዴሎችን በራስ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የሞዴሉን ክፍሎች ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ካርድ ላይ ማስቀመጥ ስለሚቻል፣ በጌም ያልተደመረው ሜሞሪ እዚህ ላይ ይደመራል። ለዚህ ሥራ ብቻ እንኳ ካርዱን መልሼ እገዛው ነበር። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውም በቀጥታ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ዋናው ካርዴ አንድ ጊዜ ምስል መስጠት ባቆመ ጊዜ ችግሩ ከሞኒተሩ፣ ከገመዱ ወይስ ከካርዱ መሆኑን የለየሁት በሁለተኛው አማካይነት ነው።

ስለ መግጠሙ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ነው። ስሎቱ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። ሁለት ባለ 180 ዋት ካርዶች ብቻቸውን 360 ዋት ናቸው፤ ፕሮሰሰሩንና የቀረውን ዕቃ ሲደምሩበት 550 ዋት አካባቢ ይደርሳል፤ ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው በላይ ስለሚስቡም ከ750 ዋት በታች የሆነ ፓወር ሰፕላይ አላምንም። ገመድ ሲጎድል ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ መሰካት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አሰላለፍ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ፣ ልክ የመሰለ ገመድ ካርዱንና ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

ቀጥሎ የማዘርቦርዱ መምሪያ ነው። ሁለተኛውን ካርድ በገጠምሁበት ምሽት ኮምፒውተሩ ሲነሣ ጌሞቼ ሁሉ ያሉበት፣ በማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤም.2 ዲስክ ከባዮሱ፣ ማለትም ከመነሻ ቅንብሩ ዝርዝር ጠፍቶ ነበር። ዲስኩ የሞተ መስሎኝ ነቅዬ ሰካሁት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከርሁት፣ እዚያ ግን ደኅና ነበር። በመጨረሻ መምሪያውን ሳነብ፣ በሠንጠረዥ ሥር በትንንሽ ፊደል፣ የታችኛው ስሎት ሲያዝ ሁለተኛው የኤም.2 ቦታ እንደሚዘጋ ተጽፎ አገኘሁት፤ ሁለቱ የሚጋሩት ያንኑ መስመር ነውና። ዲስኩን ወደ ላይኛው ቦታ አዛወርሁና ነገሩ አለቀ።

ሙቀት የመጨረሻው ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። መንትዮቹ ካርዶች በነበሩበት ጊዜ የላይኛው ካርድ ፋኖች ከታችኛው ጀርባ ጋር በሁለት ጣት ርቀት ብቻ ተፋጠው ስለነበር የሚስቡት የታችኛውን ትኩስ አየር ነበር፤ ብቻውን በ71 ዲግሪ ይሠራ የነበረው ካርድ 84 ደረሰ፣ ፍጥነቱንም ቀነሰ። አሁን ታች ያለው ካርድ ቀጭን፣ ከስሎቱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራና ምንም ገመድ የማይሻ ነው፤ አሮጌውን በዚህ የለወጥሁት ለሙቀቱ ብዬ ነው። ሁለቱ አንድ ድራይቨር የሚጋሩ መሆናቸውንም አረጋግጫለሁ፤ አምራቹ ድጋፉን ያቋረጠበት አሮጌ ካርድ ከአዲስ ጋር ሲገጠም አንዱ ድራይቨር ሁለቱን ላያስተናግድ ይችላል።

ሽፋኑን ከመዝጋቴ በፊት ከባድ ጌም ለግማሽ ሰዓት ክፍት አድርጌ፣ ጂፒዩ-ዚ በተባለው ፕሮግራም የእያንዳንዱን ካርድ የመስመር ብዛት፣ ሙቀትና የሥራ ጫና አየሁ። ላይኛው በ16 መስመር፣ በ69 ዲግሪና በ97 በመቶ፤ ታችኛው በ4 መስመር፣ በ62 ዲግሪና በ55 በመቶ እየሠሩ ነበር። ካሜራውን ቀስ ብዬ ወደ ጎን አዞርሁ፤ የአጥሩ ረድፍ ሳይንቀጠቀጥ አለፈ፤ ሽፋኑንም ያን ጊዜ ዘጋሁት።