የሽንት ቤቱ በር ላይ ያለው ወረቀት

ካምፓስ ውስጥ «ስለ ጤና ፕሮግራም አለ» ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሚሪንዳ አለ ወይ? አለ ከተባለ አዳራሹ ይሞላል። ከሌለ ተናጋሪው ለባዶ ወንበር ሲያወራ ይውላል። እኔ ራሴ ፍሬሽ እያለሁ የጸረ ኤድስ ክበብ የገባሁት ለቲሸርቱ ብዬ ነው፣ አልዋሽም። ቲሸርቱ እስካሁን አለ፣ ለብሼው እተኛለሁ።

የምማረው ጎጃም ውስጥ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ስም ይቆየኝ። ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ነኝ። «የዘንድሮ ተማሪ ለጤናው ግድ የለውም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ግድማ አለን። እኛን የሚሰለቸን «እናንተ የነገ አገር ተረካቢዎች» ተብሎ ተጀምሮ ጫት አትቃሙ፣ አትጠጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ እየተባለ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ንግግር ነው። እጃችሁን ታጠቡ! በየትኛው ውኃ? የእኛ ሕንጻ ልጆች ጀሪካን ይዘን ከሌሊቱ አስር ሰዓት የምንሰለፍበት ሳምንት አለ፣ ከደረቀው ቧንቧ በላይ ደግሞ እጅ በሳሙና ስለ መታጠብ የሚያስተምር የሚያምር ፖስተር ተለጥፏል። የፖስተሩ ገንዘብ ስንት ሮቶ ይገዛ ነበር እያልን እንስቃለን።

መጠጡም እንደዚያው ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ፍሬሽ ተማሪ አብዛኛው 18፣ 19 ነው። ከግቢው በር ወጣ ሲባል ግን የዳጉሳ አረቄ ለመቅዳት መታወቂያ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። (እማ፣ ይሄን ካነበብሽው፣ ታዝቤ ነው እንጂ ቀምሼ አይደለም።)

ዋናው ጉዳይ ግን እሱም አይደለም። እኛ ሕንጻ ውስጥ ልጆቹን እንቅልፍ የሚነሳቸው እርግዝና ነው፣ ኤች አይ ቪ አይደለም። እርግዝና ይታያላ! እናት ታየዋለች፣ ሰፈር ያየዋል። ሌላው ውስጥ ለውስጥ ነው፣ ስለዚህ የሌለ ይመስላል። አንዷ ጓደኛችን ከፋርማሲ ድንገተኛ መከላከያ ክኒን ገዝታ ከዋጠች በኋላ «አሁን ከሁሉም ነገር ነጻ ነኝ» ብላ ስታወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በየዓመቱ ህዳር 22 ቀይ ሪባን ደረቷ ላይ አድርጋ የምትሰለፍ ልጅ ናት።

ለምን ክሊኒክ አትጠይቁም ትሉ ይሆናል። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ጮክ ብሎ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ይላል። ከኋላሽ ሃያ ተማሪ ተሰልፏል፣ ግማሹ የክላስሽ ልጅ ነው። «ራሴን» ብለሽ ፓራሲታሞል ተቀብለሽ ትመለሻለሽ። እኔ አድርጌዋለሁ። ያመመኝ ራሴን አልነበረም።

የዶርም ጓደኛዬ የዳንግላ ልጅ ናት፣ ነርሲንግ ትማራለች። አንድ ማታ ስናማርር ሰምታ «እናንተ የምትሉት ጤና ማስተማርን ነው፣ ጤና ማበልጸግ ሌላ ነው» አለችን። ካናዳ ኦታዋ ላይ በ1986 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ቻርተር አለ አሉ፣ ጤና ማበልጸግ ማለት ሰው ጤናውን ራሱ እንዲቆጣጠርና እንዲያሻሽል ማስቻል ነው የሚለው። ማስቻል! ውኃው፣ ምግቡ፣ የሚኖርበት ቦታ ሁሉ ይገባበታል። የጸደቀበትን ቀን ስልኬ ላይ ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይረው ህዳር 12፣ 1979 ሆኖ ቁጭ አለ። ህዳር ሲታጠን!

ሳቅኩ፣ ግን ቢቸና ያለችው እናቴ ትዝ አለችኝ። ህዳር 12 ማንም ፖስተር ሳይለጥፍላት ጓሮዋን ጠርጋ ቆሻሻውን ታነደዋለች፣ ጎረቤቶቿም እንደዚሁ። በ1911 የህዳር በሽታ ሰዉን ከጨረሰ ወዲህ የመጣ ነው ይባላል። ጭሱ ጀርም ይገድላል አይገድልም እዚያ ውስጥ አልገባም፣ ዓይን ግን ያቃጥላል። ማንም «ጥረጊ» አላላትም፣ ሁሉም ሲጠርግ ትጠርጋለች፣ በቃ።

ይሄን ሳወራላት ነው መሰለኝ ጓደኛዬ ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ የሽንት ቤቱ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ለጠፈችው። «ክኒኑ እስከ 72 ሰዓት ነው፣ በቶሎ ሲወሰድ ይሻላል። ከኤች አይ ቪ፣ ከቂጥኝ፣ ከጨብጥ አያድንም። ጥያቄ ካለ ከታች ጻፉ፣ ስም አያስፈልግም።» እስክሪብቶም በክር አንጠልጥላ ነበር፣ እሱን በመጀመሪያው ቀን ሰረቁት።

ወረቀቱ ግን በአራት ቀን ሞላ። የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀረ፣ ምንድን ነው? ፈተና ሲደርስ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያምመኛል ወይስ ፈሪ ነኝ? የካፌው ሽሮ ለምን ያቃጥለኛል? አንዷ «ጫት ማቆም ፈልጌ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» ብላ ጽፋለች፣ አዳራሽ ውስጥ እጇን አውጥታ እንደማትለው እርግጠኛ ነኝ። ጓደኛዬ ማታ ማታ በቀይ ትመልሳለች። ያላወቀችውን መምህሯን ጠይቃ ትመጣለች።

ባለፈው ሳምንት የሕንጻችን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ፣ መጡ። «ግድግዳ አታቆሽሹ ተብሎ የለም እንዴ? ማናት ይሄን የለጠፈችው?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አለች ጓደኛዬ። ወረቀቱ አለቀለት ብለን ቆመናል። እትዬ መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ለረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ስለ ደም ግፊትም ጻፊበት እንጂ» አሏት። «እኔስ ሰው አይደለሁም?»