የአፈ ጉባኤው ቤት

ከደብሊን በስተምዕራብ፣ ሴልብሪጅ ከተማ ዳር፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የተተከለበትን ረጅም መንገድ ጨርሼ ብቅ ስል ካስልታውን ከፊቴ ተደቀነ። በአንድ ረድፍ 13 መስኮት የደረደረ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ቤት ለማለት አፍ ይከብዳል።

ባለቤቱ ዊልያም ኮኖሊ ግንባታውን ያስጀመረው በ1722 እ.ኤ.አ. ነው። በ1662 በዶኔጎል አውራጃ፣ ባሊሻነን ተወለደ፤ አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው ይባላል። ልጁ ጠበቃ ሆነ። ለንጉሥ ጄምስ የተዋጉት ካቶሊኮች በንጉሥ ዊልያም ተሸንፈው ርስታቸው ሲወረስ፣ ኮኖሊ ያንን መሬት እየገዛ እየሸጠ ከበረ። በ1715 የአየርላንድ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ሆኖ ወንበሩን እስከ 1729 ያዘ። በሀብት የሚወዳደረው አልነበረም፤ የመኳንንት ማዕረግ ግን አልፈለገም፣ እስኪሞት “ሚስተር ኮኖሊ” ነው። እኔ ይህን ትሕትና ብዬ አልወሰድኩትም። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ማዕረግ ምን ያደርግለታል?

መግቢያው አዳራሽ ወለሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ደረጃው ላይ ጎንበስ ብዬ የነሐሱን መደገፊያ አየሁት፤ ሠሪው አንቶኒ ኪንግ ስሙንና 1760 የሚለውን ዓመት ቀርጾበታል። ኮኖሊ ይህን ደረጃ አላየውም። በጥቅምት 1729 ሲሞት የቤቱ ውስጥ ገና አላለቀም ነበር። ለቀስተኞቹ በአየርላንድ የተሸመነ የሊነን ሻርፕ ለብሰው ቀበሩት፤ የአገሩ ሸማኔ ገበያ እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ፖለቲከኛ በቀብሩም ፖለቲካ አይለቅም።

ልጅ አልነበራቸውም። ሚስቱ ካትሪን ግን ከእሱ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በዚሁ ቤት ኖራለች። እኔን ይበልጥ የሳበኝ የእሷ ሥራ ነው። በ1740 ብርዱ ድንቹን አበላሽቶ ረኃብ ሲገባ፣ ለድሆች ሥራ ለመስጠት ከቤቱ ጀርባ ራቅ ብሎ 40 ሜትር ያለፈ ሐውልት አሠራች፤ ቅስት በቅስት ላይ ተደራርቦ፣ አናቱ ላይ ሹል ድንጋይ የቆመበት። አናናስና ንስር ተቀርጾበታል። ለማደሪያም ለመጋዘንም አይሆንም። ያረፈበት መሬት ደግሞ የጎረቤቶቹ የፊትዝጄራልዶች ነበር።

እህቷ ሜሪ ጆንስ በደብዳቤዋ፣ ነገሩ ቢያንስ 300 ወይም 400 ፓውንድ እንደሚያስወጣት ገምታ፣ እሱም የሚበቃ አይመስለኝም ስትል ጽፋለች።