ዕጣ የወጣለት ሰፈር ሲፈርስ፦ ጃክናይፍን እየተሳሳትኩ የተማርኩበት ጥናት

የመሃል አዲስ አበባ ነዋሪ ከወጪው ስንት እጁን ለምግብ እንደሚያውል ለማወቅ ጥናት ጀምረን ነበር። አራዳን፣ ቂርቆስን፣ ልደታንና አዲስ ከተማን ይዘን እያንዳንዱን በቀበሌ ቤትና በኮንዶሚኒየም ከፈልነው፤ 8 ስትራታ፣ ማለትም ለየብቻ ናሙና የሚወጣላቸው ምድቦች (ነጠላው ስትራተም)። ከየስትራተሙ 3 የቆጠራ ቦታ በዕጣ ወጣ፤ በድምሩ 24 ክላስተር (አብረው የተመረጡ የአንድ ሰፈር ቤቶች)።

የምንፈልገው ሬሾ ነው፦ የምግብ ወጪ ለጠቅላላ ወጪ ሲካፈል። ላዩም ታቹም ከናሙና ናሙና ስለሚለዋወጥ ቫሪያንሱ (ግምቱ የሚዋዥቅበት መጠን) በቀላል ቀመር አይወጣም፤ ትንሽ ባያስም (ወደ አንድ ወገን ማዘንበል) አያጣውም። ስለዚህ ወደ ጃክናይፍ ሄድኩ፤ ከናሙናው አንድ አንድ ክፍል እየጣሉ ስሌቱን በመደጋገም የግምቱን ስህተት የሚለኩበት ዘዴ ነው። ባያስን በዚህ መንገድ የመቀነስን ሐሳብ የስታቲስቲክስ ሊቁ ኩዌኑይ በ1949 እ.ኤ.አ. አመጣው፤ በ1958 ለቫሪያንስ ያዋለው ሌላው ሊቅ ቱኪ ነው፤ ስሙንም ያወጣው እሱ። ሰንጢ እንደማለት ነው፤ ለሁሉም የሚሆን፣ ከኪስ የማይጠፋ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ክላስተር ትጥላለህ፤ በዚያው ስትራተም የቀሩትን የሁለቱን ክብደት (እያንዳንዱ ቤት ስንት ቤት እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) በ1.5 ታባዛለህ፤ ሌላውን ስትራተም አትነካም፤ ሬሾውን እንደገና ታሰላለህ። 24 ጊዜ። እያንዳንዱ ከዋናው ሬሾ የራቀበትን በራሱ አባዝተህ፣ በ2/3 አባዝተህ ትደምራለህ። ድምሩ ቫሪያንሱ ነው፤ የእሱ ካሬ ሥር መደበኛ ስህተት ይባላል።

እኔ ግን መጀመሪያ የጣልኩት ቤተሰብ በቤተሰብ ነበር። የወጣው መደበኛ ስህተት በጣም ትንሽ ስለሆነ ማኪያቶ ጋበዝኩበት። የአንድ ግቢ ጎረቤታሞች ከአንድ ጉሊት ይገዛሉ፤ ወጪያቸው ይመሳሰላል። ዕጣው የወጣው ለሰፈሩ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱን ቤት ራሱን እንደቻለ ምስክር ቆጥሬዋለሁ። በክላስተር ስደግመው ስህተቱ ሰፋ፤ ማኪያቶው ግን ተጠጥቷል።

ባያሱ ላይም ተሳሳትኩ። በየስትራተሙ የወጡት ሬሾዎች አማካይ ከዋናው ያለው ልዩነት የሚባዛው በስትራተሙ ክላስተር ብዛት አንድ ተቀንሶ፣ ማለትም በ2 ነው። እኔ 24ን ይዤ በ23 አባዛሁት፤ ጥናቱ ሁሉ የተበላሸ መሰለኝ። ሲታረም ከመደበኛ ስህተቱ አጠገብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከአራዳ ነው። መረጃ ሰብሳቢዋ ከፒያሳ ደወለች፤ «ጋሼ፣ ካርታው ላይ ያለው ሰፈር እኮ የለም። ቆርቆሮ አጥርና ቁፋሮ ብቻ ነው።» ከቀበሌ ቤቱ ስትራተም 3 ክላስተሮች ሁለቱ ፈርሰዋል። ፋይሉ ላይ የቀረው አንድ ስለሆነ ሶፍትዌሩ እምቢ ብሎ ቆመ፤ እሱ ሲጣል ክብደቱን የሚሸከም የለማ! በአዲስ ከተማ ካለው የቀበሌ ቤት ስትራተም ጋር ቀላቀልኩት፤ ሠራ።

የነቃሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለሁለቱ ሰፈሮች ዕጣ ወጥቷል፤ ተሄዶም ታይተዋል፤ የተገኘው ነዋሪ ዜሮ ነው። ይህ ራሱ መልስ ነው፤ በሩን ዘግቶ «አልናገርም» ካለ ቤተሰብ ጋር አንድ አይደለም። ለእያንዳንዳቸው ወጪው ዜሮ የሆነ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ስትራተሙ ወደ 3 ክላስተር ተመለሰ፤ አዲስ ከተማንም ለብቻው መለስኩት። ባዶው እንኳ ሲጣል የቀረው ክላስተር በ1.5 ስለሚከብድ ሬሾው ይነቃነቃል።

አለቃዬ የሚዲያን ወጪም (ወጪዎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ጠይቀው ነበር። አንድ አንድ እየጣለ የሚሠራ ጃክናይፍ ሚዲያን ላይ ስለማይታመን እሱን በቡትስትራፕ፣ ማለትም ከናሙናው እየመለሱ ደጋግሞ ዕጣ በማውጣት፣ ሠራሁት።

ባለፈው ሳምንት ፋይሉን የሚያጸዳው ልጅ፣ «እነዚህ ሁለት ባዶ መስመሮች ምንድን ናቸው? ላጥፋቸው?» አለኝ። አጠገባቸው አዲስ ዓምድ ከፍቼ «ፈርሷል፣ አይጠፋ» ብዬ ጻፍኩ።